ስፒከሩ የጎረቤትን ጣሪያ እንዳያንቀጠቅጥ

ከማሃኔ ይሁዳ ገበያ እስከ ኢትዮጵያ ጎዳና ባለው ሰፈር ብዙ የቆዩ የድንጋይ ቤቶች አሉ። ግድግዳቸው ወፍራም ስለሆነ «ድምፃችን ወደ ሰው ቤት አያልፍም» ብለን እናስባለን። ነገር ግን ልጆቻችን በትልቁ ስፒከር ዘፈን ሲከፍቱ የታችኛው ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ይደበድባል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ድምፅ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ አየር ነው፤ ይህን ወፍራም ግድግዳና የተዘጋ መስኮት ይቀንሱታል። ሁለተኛው ወለሉ ነው። የስፒከሩ ሣጥን ሲንቀጠቀጥ ወለሉንም ያንቀጠቅጠዋል፤ የእኛ ወለል ደግሞ ለታችኛው ቤት ጣሪያ ነው። ጎረቤትን ይበልጥ የሚያስቸግረው ቤዝ የሚባለው ወፍራሙ ድምፅ ነው።

ገንዘብ ሳታወጡ በፊት በቤታችሁ ባለው ነገር ሞክሩ። ስፒከሩን ወፍራም ስፖንጅ ላይ አስቀምጡት። ከዚያም ጎረቤታችሁን አስፈቅዳችሁ ከእርሱ ቤት ሆናችሁ አዳምጡ። ንዝረቱ ከቀነሰ ከሥር የሚቀመጥ ላስቲክ ይጠቅማችኋል። ካልቀነሰ ግን ድምፁ በአብዛኛው የሚያልፈው በአየር ነውና ውድ ማስቀመጫ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ላስቲክ ስትገዙ የሚከተሉትን አስተውሉ፦

• ለልብስ ማጠቢያ ማሽን እግር የሚሸጠው ዓይነት ላስቲክ ለከባድ ስፒከር ሊያገለግል ይችላል። ክብደት ሲያርፍበት በመጠኑ ዝቅ የሚል፣ ግን ጨርሶ የማይጨፈለቅ ይሁን። ቀጭንና ደረቅ ላስቲክ ቤዙን እምብዛም አያግድም።

• ሹል የብረት እግር ስፒከሩን አጽንቶ ያቆመዋል እንጂ ንዝረቱን አያስቀርም፤ ባላታውንም ይቧጭራል።

• ደረሰኙን ያዙ፤ ዕቃው የሚመለስ መሆኑንም ማሸጊያውን ሳትከፍቱ ጠይቁ።

ምንም የማያስከፍል ሌላ መፍትሔም አለ። ማዕዘን ቤዙን ስለሚያጎላው ስፒከሩን ከማዕዘን አርቁት፤ የቤዙንም መጠን ቀንሱት። ይህ በአየርም በወለልም የሚያልፈውን ድምፅ ይቀንሳል።

ሰዓቱንም እናስታውስ። በ1992 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የወጣው የእስራኤል የጩኸት መከላከያ ደንብ በመኖሪያ ሰፈር ከ14:00 እስከ 16:00 እና ከ23:00 በኋላ ሙዚቃ በስፒከር ማስጮኽን ይከለክላል። ጎረቤት ለፖሊስ በ100 ደውሎ ሊያመለክት ይችላል። እንግዳ የምትጠሩ ከሆነ ለጎረቤቶቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ልጆቻችሁም ይወቁት፦ ከስፒከሩ ሥር ላስቲክ ተደረገ ማለት በእረፍት ሰዓት ማስጮኽ ተፈቀደ ማለት አይደለም።