ያልታመመው ባለእንስራ ተክል

ሮተርዳም ባለው ቤቴ ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ዘጠኝ ዓመት ያሳደግሁት፣ ኔፔንቴስ የተባለ ባለእንስራ ተክል አለ። ሚራንዳ የሚባለው ድቅል ነው። የዱር ዘመዶቹ አብዛኞቹ በቦርኒዮ፣ በሱማትራና በፊሊፒንስ ይበቅላሉ፤ በምዕራብ በኩል እስከ ማዳጋስካር ድረስ ይገኛሉ። አፈራቸው ድሃ ስለሆነ ናይትሮጅን የሚያገኙት እንስራ በሚመስል ወጥመድ ከሚይዟቸው ነፍሳት ነው።

እንግዳ ሲመጣ እንስራውን አበባ ነው ይለኛል። ቅጠል ነው። ከቅጠሉ ጫፍ ቀጭን ክር ይወርዳል፤ የክሩ ጫፍ ያብጥና ቀና ይላል፤ ውስጡ ፈሳሽ ይዞ ካደገ በኋላ ክዳኑ ይከፈታል። አንዱን ጠዋት ስወጣ ተዘግቶ ትቼው ማታ ስመለስ ተከፍቶ አገኘሁት። ከንፈሩ ያን ቀን ገና ፈዛዛ ነበር፤ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ተጠቀለለና ቀይ መስመር አወጣ። ይህ ከንፈር ሲረጥብ ያዳልጣል። ከንፈሩ ላይ ያለውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ የመጣ ጉንዳን እዚያው ላይ ነው እግሩ የሚከዳው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ተክሉ አጭር ነበር። ቅጠሎቹ ዙሪያውን ተዘርግተው፣ ሆዳቸው የሰፋ እንስራዎች ማሰሮው ላይ ይቀመጡ ነበር። ከፊት በኩል ከላይ እስከ ታች የሚወርዱ ሁለት ጸጉራም ክንፎች ነበሯቸው። በአራተኛው ዓመት ግንዱ ድንገት ተመዘዘ። ቅጠሎቹ ተራራቁ፤ አዲሶቹም እንስራ መሥራት አቆሙ፤ ክራቸው ብቻ በአየር ላይ ይጠማዘዝ ጀመር። ታመመብኝ ብዬ አፈሩን ቀየርኩ። ምንም ለውጥ ሳላይ ስቀር ግንዱን ከታች ቆረጥኩት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ተክሉ ጤነኛ ነበር፤ ለአቅመ ሐረግ ደርሶ ነው። ኔፔንቴስ ሲጎለምስ ብርሃን ፍለጋ ዛፍ ላይ ይወጣል። ያ የተጠማዘዘው ክር የሚይዘው ቅርንጫፍ እየፈለገ ነበር። ከፍታ ላይ የሚሠራው እንስራም ሌላ መልክ አለው፦ ቀጭን፣ ከታች የጠበበ፣ ክንፎቹ ወደ መስመር የቀጠኑ። ክሩ በታችኛው እንስራ ከፊት በኩል፣ ክንፎቹ ባሉበት ይገናኛል፤ በላይኛው ግን ከጀርባ ነው የሚገባው። ምግቡም ይለያል፤ የታችኛው መሬት ለመሬት የሚሄደውን፣ የላይኛው ደግሞ የሚበረውን ይበልጥ ይይዛል። አበባ የሚመጣውም አብዛኛውን ጊዜ ተክሉ ሽቅብ ከወጣ በኋላ ነው፤ ወንዱና ሴቷ በየራሳቸው ተክል ላይ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የቦርኒዮ ተራሮች ላይ የሚበቅለው ኔፔንቴስ ሎዊ ነው። በልጅነቱ እንደ ሌሎቹ ሁሉ፣ ነፍሳት ያጠምዳል። ሲወጣ ግን የላይኛው እንስራው አፈ ሰፊና እንደ እንጨት ጠንካራ ይሆናል፤ ከክዳኑ ሥር ነጭ ቅባት መሰል ነገር ያመነጫል። ቱፓያ የምትባል፣ አፍንጫዋ የሾለ ትንሽ እንስሳ አፉ ላይ ተቀምጣ ያንን ስትልስ ኩሷን እዚያው ትጥላለች። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ላይኛው እንስራ ያለው ተክል ከቅጠሉ ናይትሮጅን ከግማሽ በላዩን የሚያገኘው ከዚሁ ኩስ ነው። አዳኙ ሲጎለምስ ማጥመዱን ትቶ በእንግዳ ይተዳደራል።

የኔውን ከቆረጥኩት ከጥቂት ወራት በኋላ ከሥሩ ሁለት ቡቃያ አወጣ። እንስራቸው እንደገና ሆደ ሰፊ፣ ክንፋም ሆነ። ሥሩ የጎለመሰ ነው፤ ቡቃያው ግን ዕድሜውን ከአንድ ነው የጀመረው። ዱር ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ግንዱ ዛፍ ላይ ወጥቶ ሳለ ከግርጌው የሚፈልቁት ቡቃያዎች የታችኛውን ዓይነት ይሠራሉ።

አሁን አንዱን ቡቃያ አልነካሁትም። ቀርከሃ ተከልኩለት፤ እሱን አልፎ የመጋረጃው ዘንግ ላይ ደርሷል። ባለፈው ሳምንት አንድ ክር ዘንጉን ሁለት ጊዜ ዞረውና ጫፉ ማበጥ ጀመረ። ወንበር ላይ ቆሜ በእጅ ባትሪ አየሁት። ገና ከአውራ ጣቴ ያንሳል፤ ክሩ ግን ከጀርባው ነው የገባው።