መርፌው የማይጠግነው ጅማት

"ጋሼ፣ አንዴ መርፌ ልወጋና እሑድ ልሩጥ።" ሱሉልታና ሰንዳፋ ልምምድ የሚሠሩ ወጣቶች ተረከዛቸውን ይዘው ሲመጡ ብዙ ጊዜ የሚሉኝ ይህንን ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ልመናቸው ይገባኛል፤ ውድድሩ እንጀራቸው ነው። እኔ የምፈልገው ግን ከእሑድም በኋላ እንዲሮጡ ነው።

ጡንቻ ወይም ጅማት ሲጎዳ በቦታው ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ኬሚካሎች ይመረታሉ። እነዚህ የነርቭ ጫፎችን ስለሚያስቆጡ ቀድሞ ምንም የማይመስል ንክኪ ያማል፤ ካልሲ ማጥለቅ እንኳ ያስጨንቃል። ይህ ቁጣ የተጎዳውን ቦታ ይጠብቃል። አንዳንዴ ግን ጉዳቱ ካገገመ በኋላም ነርቮቹ ሳይበርዱ ይቆያሉ። ስለዚህ ብዙ ያመመ ሁሉ ብዙ ተጎድቷል ማለት አይደለም።

የሕመሙ መጥፋትም መዳን አይደለም። በመርፌ የሚሰጠው የሕመም ማስታገሻ ዲክሎፌናክ የፕሮስታግላንዲንን ምርት ስለሚቀንስ ሕመሙ ይታገሣል፤ ጅማቱ ግን እንደተጎዳ ነው። ውኃ ሳይጠጣ ላቡን እያፈሰሰ ለሚሮጥ ሰው ደግሞ መድኃኒቱ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

"ኃይሌም እኮ አኪለሱን፣ የተረከዙን ጅማት፣ እያመመው አሸንፏል" ይሉኛል። እውነት ነው፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ተረከዙን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ይህን የሚያነሳልኝ የለም።

ጅማት እረፍት ብቻውን አያጠነክረውም። ስዊድናዊው ሐኪም ሃካን አልፍሬድሰን እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተመው ልምምድ ዛሬም ይሠራበታል። ደረጃ ጠርዝ ላይ በእግር ጣቶች ቆሞ፣ የታመመውን ተረከዝ ከደረጃው በታች ቀስ አድርጎ ማውረድ ነው፤ ጉልበትን ዘርግቶም አጥፎም፣ 15 ጊዜ በ3 ዙር፣ በቀን ሁለቴ፣ ለ12 ሳምንት።

ሲሠሩት ያማል። ምንም የማያመውን 0፣ የማይቻለውን 10 ብለን ብንቆጥር እስከ 5 ያለውን እፈቅዳለሁ። ፍርዱን የሚሰጠው ግን ማግስቱ ጧት ነው። ከአልጋ ወርደው ሲረግጡ ተረከዙ እንደ ወትሮው ከሆነ ይቀጥላሉ፤ ከወትሮው ከባሰ ልምምዱን ይቀንሳሉ።

ይህ መለኪያ ለሁሉም ጉዳት አይሠራም። ቅልጥም አጥንት ላይ በአንድ ጣት የሚጠቆም ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ተረከዝ "ጧ" ብሎ እግር ከከዳ ጅማቱ ተበጥሶ ይሆናል። ቁርጭምጭሚት ተጠምዝዞ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተም ራጅ ያስፈልጋል። ትኩስ ጉዳትን ወዲያው ማሸት ደግሞ ደሙንና እብጠቱን ያባብሳል፤ ወጌሻ ጋ የሚሮጥ ሁሉ ይህን ይወቅ።

አሰልጣኞችንና ማናጀሮችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ለልጆቹ ጊዜ ስጧቸው። ለአንድ እሑድ ሲባል ዝም የተሰኘ ጅማት የሚቀሩትን ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ 12 ሳምንት ከዚያ በጣም ያንሳል።