ያውቁ ኖሯል? «በስህተት የገባ» ብር

ቴሌብር ግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ ገበያዎች የእጅ ስልክ የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል። አጭበርባሪው ቦርሳውን መስበር አያስፈልገውም፤ ባለቤቱን ማስቸኮል ይበቃዋል። ከግል ቁጥሩ ደረሰኝ የሚመስል መልእክት ይልክና ይደውላል፦ «ብሬ በስህተት ገብቶልዎታል፤ በሽተኛ ይዣለሁ፣ እባክዎ ይመልሱልኝ!»

የገበያ ግርግር ውስጥ ላለ ቅን ሰው ይህ ክፉ ወጥመድ ነው። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው 127 ከተባለው ላኪ ነው። ከመመለስዎ በፊት ወደ *127# ገብተው ቀሪ ሂሳብዎን ይመልከቱ፤ ካልጨመረ የገባ ብር የለም። ስድስት አሃዙን የሚስጥር ቁጥርዎን «ከቴሌ ነኝ» ለሚልም አይንገሩ። እንዲህ ያለው ማታለል በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በእስራት ያስቀጣል፤ መልእክቱን ሳያጠፉ ለፖሊስ ያሳዩ።