ሹተሩ ስንት ቆጥሯል?

አሮጌ ዲጂታል ካሜራን የሚንቅ ሰው ሲገጥመኝ፣ በማለዳ ጓሳ ወስጄ ጭላዳ ባስነሳሁት እላለሁ። መንዝ ውስጥ፣ ከ3,200 ሜትር ከፍታ በላይ፣ ወንዱ ጭላዳ ከገደል ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ ነፋስ የሚበትነውን ጎፈሩን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ኒኮን ዲ90 ፀጉር በፀጉር ይለየዋል። ካሜራው 12 ሜጋፒክስል ነው። «ስልኬ 50 አለው» ለምትሉኝ፣ በ12ቱ 36 በ24 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ፎቶ ይታተማል። ከዚያ የሚበልጥ ፎቶ ስንቶቻችሁ ቤት ተሰቅሏል?

ይልቅ ማንም የማይጠይቀውን ልንገራችሁ። መኪና ስንገዛ «ስንት ሄዳለች?» እንላለን። ካሜራ ላይ ግን ቀለሙ አለመፋቁን አይተን ብር እንቆጥራለን። ሹተር በእያንዳንዱ ፎቶ የሚከፈትና የሚዘጋ ስስ መጋረጃ ነው፤ ያረጃል። የዲ90 ሹተር በፋብሪካ የተፈተነው ለ100,000 ጊዜ ነው። አንዳንዱ ከዚያ ያልፋል፣ አንዳንዱ አይደርስም። የሰርግ ካሜራ ከሆነማ አስቡት፤ በአንድ ሰርግ 2,000 ጊዜ ከተጫነ በ50 ሰርግ ሞላ ማለት ነው። ሲወለወል ግን አዲስ ይመስላል።

እኔም ተወልውሎ ነው የገዛሁት። አዲስ አበባ ላይ ሻጩ የፎቶውን ፋይል ስም አሳየኝ፤ 0812 ይላል። ስምንት መቶ ብቻ! ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። ይህ ቁጥር ግን 9999 ከደረሰ በኋላ ወደ 0001 ይመለሳል። ጓሳ ላይ ጭላዳዎቹ ብቅ ሲሉ ካሜራዬ «ኢረር» ብሎ ቀረ። ቀኑን ሙሉ በዓይኔ ብቻ አየኋቸው።

እውነተኛው ቁጥር በኒኮን ፎቶ ፋይል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። የራሳችሁን ሜሞሪ ይዛችሁ ሂዱ (ለዲ90 ከ32 ጊጋ አይብለጥ)፣ አንድ ፎቶ አንሱ፣ ሳትከፍሉ በፊት የፎቶ ዝርዝር መረጃ በሚያነብ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይከፈት። ብዙዎቹ ካኖኖች ግን ቁጥሩን ፎቶው ላይ አይጽፉትም፤ ካሜራውን በገመድ ከኮምፒዩተር ጋር ማገናኘት ይጠይቃሉ።

ሌንሱን በስልክ መብራት አሻግራችሁ እዩ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ተዉት። ባትሪ በመንዝ ብርድ ቶሎ ይደክማል፤ ትርፉን በርኖስ ስር ያዙት። ከብርድ እሳት ወደሚነድበት ቤት ስትገቡ ካሜራውን በፌስታል ጠቅልሉት፣ አለዚያ ሌንሱ ያልበዋል።

ሻጩ «በሰው ሜሞሪ አላስነሳም» ካለ ግን ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።