ከክፍል ጓደኞቹ ለቀደመ የቲም፦ በራስ ፍጥነት የሚቀጥል የሒሳብ ትምህርት



ውድ ለጋሾችና ቤተሰቦች፣ የየቲም ድጋፍ ሲነሣ አስቀድመን የምናስበው እህል፣ ልብስና ደብተር ነው፤ ተገቢም ነው። ሆኖም በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ ደጋ ቀበሌዎች አባቱን አጥቶ፣ በሒሳብ ግን ከክፍል ጓደኞቹ የቀደመ ልጅ ሲገኝ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ብዙ ተማሪ ያለበት መምህር ለአንድ ልጅ ብቻ የተለየ ትምህርት ማዘጋጀት ይከብደዋል። ልጁም የሚያውቀውን እየደጋገመ ይሰለቻል። ኑሮ የከበዳት እናት «ካልጠቀመው ሥራ ይያዝ» ብትል አይፈረድባትም። ያን ጊዜ የምናጣው ትልቅ ተስፋ ነው።

ለእንዲህ ያለው ልጅ በኢንተርኔት የሚሰጥ፣ ተማሪው በራሱ ፍጥነት የሚከታተለው የሒሳብ ትምህርት አንድ መፍትሔ ነው። በስፋት የሚታወቀው ካን አካዳሚ ነው። ሳልማን ካን በ2004 እ.ኤ.አ. ናድያ የተባለች የዘመዱን ልጅ ከርቀት ሒሳብ ማስጠናት ጀመረ፤ በ2006 ትምህርቱን በዩቲዩብ ማሰራጨት ያዘ፤ በ2008 ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት መሠረተ። ተማሪዎች የሚማሩት ያለ ክፍያ ነው።

አሠራሩ ለወሎ እንግዳ አይደለም። በሐሪማዎቻችን ኪታብ ሲቀራ እያንዳንዱ ደረሳ የደረሰበትን ይዞ ሼኹ ፊት ይቀርባል፤ ያለፈውን ሳያጠራ አይሻገርም፤ የበረታውም ሌሎቹን አይጠብቅም። ፕሮግራሙም እንዲሁ አጭር ማብራሪያ ይሰጣል፣ ይጠይቃል፣ ስሕተቱን ወዲያው ያሳያል፣ ልጁ ሲችል ወደሚቀጥለው ያሳልፈዋል። «አልጀብራ» የሚለው ስም ራሱ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው አል-ኸዋሪዝሚ ከጻፈው መጽሐፍ ርእስ የመጣ መሆኑን ለልጆቻችን እንንገራቸው።

ይሁን እንጂ እንቅፋቶች አሉ። የመጀመሪያው ኢንተርኔት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አንዘነጋም። ለዚህ ኮሊብሪ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይረዳል፤ ትምህርቱ መስመር ባለበት ቦታ አንድ ጊዜ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ በኋላ በዙሪያው ያሉ ስልኮችና ታብሌቶች ያለ ኢንተርኔት ይጠቀሙበታል። ሁለተኛው ቋንቋ ነው። አብዛኛው ትምህርት በእንግሊዝኛ በመሆኑ ታናናሾቹ አጠገባቸው የሚተረጉምላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ሦስተኛው ጥድፊያ ነው። ፈጣን ልጅ መልሱን እየገመተ ሊያልፍ ስለሚችል ስሌቱን በደብተር ጽፎ ለመምህሩ እንዲያስረዳ ይደረግ።

ስለዚህ መርዳት የምትሹ ወገኖች መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት የልጁን የሒሳብ መምህር አማክሩ። ለአንድ ልጅ ብቻ ከሚሰጥ ታብሌት ይልቅ በትምህርት ቤት ወይም በመድረሳ ተቀምጦ በርካታ የቲሞች በተራ የሚጠቀሙበት ይበልጣል፤ መብራት በሌለበትም የፀሐይ ኃይል መሙያ አብሮ ይታሰብ። እናቶችና አሳዳጊዎች ደግሞ ለልጁ በቀን ግማሽ ሰዓት ከሥራ ነፃ አድርጉለት፤ ለሴቷም ልጅ እንዲሁ።

አላህ ምጽዋታችሁን ይቀበል፤ የቲሞቻችንንም ጠቃሚ ዕውቀት ይስጣቸው። አሚን።