ቁራሌው ሳይወስደው

ከአምቦ ወደ ወንጪ ሽቅብ ሲኬድ የእርሻው መልክ ይለወጣል። ታች በጊንጪና በአምቦ ሜዳ፣ በጥቁሩ መረሬ አፈር ላይ ትራክተር ማየት ብርቅ አይደለም። ወደ ሐይቁ ሲቀርቡ ግን ማሳው ዳገት ላይ የተለጠፈ ይመስላል፤ እዚያ እንሰትና ገብስ ነው፣ አራሹም በሬ ነው። "ታዲያ ወንጪ ላይ ትራክተር ምን ይሠራል?" የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። የዛሬው ወሬያችን ግን ስለ ማረስ አይደለም። በየመጋዘኑ ጓሮና በየድሮው እርሻ ግቢ ሣር በቅሎበት፣ ዶሮ ዕንቁላል እየጣለችበት ስለቆመው አሮጌ ትራክተር ነው። ቤታችሁ ውስጥ ሞተር የሚያውቁ ጡረተኛ አባባ ካሉ፣ ክረምቱን ስልኩ ላይ ተደፍቶ የሚያሳልፍ የልጅ ልጅም ካለ፣ ያ ብረት በኪሎ ተመዝኖ ለቁራሌው ከመሸጡ በፊት ሁለቴ ማሰብ ይገባል።

አምቦ ለዚህ ጉዳይ ባዕድ አይደለችም። የዛሬው አምቦ ዩኒቨርሲቲ መነሻው በ1939 ዓ.ም. የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት ነው። የትራክተር ትዝታ ግን በሀገራችን ሁሉም ጣፋጭ አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ በስዊድን እርዳታ በአርሲ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ለትንሹ ገበሬ ታስቦ ቢነሳም፣ መሬቱ ትርፍ ማምጣት ሲጀምር ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ብዙ ጭሰኞችን ከእርሻቸው አስለቅቀዋል። ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ትልልቅ የግል እርሻዎችም የመንግሥት ሆኑ። በኋላ የሶቪየቱ ቤላሩስ መጣ፤ ናዝሬት በተቋቋመው ፋብሪካም ይገጣጠም ነበር። አንዱ አያት ያንን መሪ ጨብጠው ደመወዝ በልተውበት ይሆናል፤ ሌላው በእሱ ምክንያት ጓዛቸውን ጠቅልለው ተሰድደው ይሆናል። ልጅ ሁለቱንም ቢሰማ ጥሩ ነው፤ እንዲህ ያለው ወሬ ደግሞ ሳሎን ተቀምጦ ከሚወራው ይልቅ እጅ ግሪስ ነክቶ ብሎን ሲፈታ ነው የሚመጣው።

ለጀማሪ ቀላሉ ማሴ ፈርጉሰን 135 ነው። ከ1964 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ ባለ ሦስት ፒስቶን የፐርኪንስ ናፍታ ሞተር ያለው፣ ሁሉ ነገሩ በዓይን የሚታይ መኪና ነው። ቤላሩስ ኤምቲዜድ 80 ባለ አራት ፒስቶን ነው፤ ጠንካራ ቢሆንም ከበድ ይላል። ልጁ "ይሄ አሮጌ ብረት" ብሎ ካፌዘ የኤቨረስቱን ኤድመንድ ሂላሪን ይንገሩት። ሂላሪ በጥር 1958 እ.ኤ.አ. ደቡብ ዋልታ የደረሰው የማሴ ፈርጉሰን ታናሽ ወንድም ሊባል በማይችል፣ እንዲያውም አባቱ በሆነው በትንሹ የፈርጉሰን የእርሻ ትራክተር ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ወረቀት። ግቢ ውስጥ የተጣለ ትራክተር ሁሉ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። የመንግሥት ንብረት ከሆነ በጨረታ ነው የሚገዛው፤ የግለሰብ ከሆነም ሊብሬውን ሳያዩ ብር አይቁጠሩ።

ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ ትልቁ ፈተና ትዕግሥት ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው በሌላ መኪና አስጎትቶ ለማስነሳት መሞከር ነው። ለዓመታት የቆመ ሞተር ፒስቶኑ በዝገት ተጣብቆ ይሆናል፤ ቢጎተት ውስጡ ይታጠፋል ወይም ይሰበራል። ይልቅ ኖዝሎቹን ፈትቶ በየቀዳዳው ናፍታና ዘይት ቀላቅሎ ማፍሰስ፣ ሳምንት መተው፣ ከዚያ ባትሪ ሳይነካ ፊት ለፊት ባለው ፑሊ ላይ በትልቅ ቁልፍ ቀስ ብሎ በእጅ ማዞር ነው። ትንሽ እንኳ ከነቃነቀ ተስፋ አለ። የዘይት መለኪያውን መዝዛችሁ ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውኃ ገብቷል ማለት ነውና ሳይለወጥ ሞተሩ አይነካም።

ቀጥሎ የነዳጅ መስመር ነው። አሮጌውን ናፍታ ጨርሶ ማፍሰስ፣ ታንከሩን ማጠብ፣ ፊልትሮ መለወጥ። አዲስ ናፍታ ገብቶም አልነሳ ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አየር ነው። የፊልትሮውን የአየር ማስወጫ ብሎን ላላ አድርጎ ትንሿን የእጅ ፖምፓ መምታት፣ አረፋው ጠፍቶ ንጹሕ ናፍታ ሲወጣ ማጥበቅ። ይህን ሥራ ለልጁ ስጡት፤ አረፋውን እየጠበቀ አይሰለችም። ኖዝል የሚረጨውን ናፍታ ግን ማንም በእጁ አይሞክር፤ ግፊቱ ቆዳ በስቶ ይገባል።

መለዋወጫ ፍለጋ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሲወርዱ አሮጌውን ዕቃ ይዘው ይሂዱ፤ በስም ብቻ መጠየቅ ሌላ ነገር ተሸክሞ መመለስ ነው። የጠፋውን ቦኮላ ቶርኖ ቤት ያወጣዋል። በነገራችን ላይ ይህ ሙያ በጣሊያንኛ ነው የሚነገረው፦ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ሞተሪኖ፣ ካቻቢቴ። ልጁ በአንድ ክረምት ሃያ የጣሊያንኛ ቃል ይዞ ይወጣል፤ አባባ ደግሞ አስተማሪ ሆኑ ማለት ነው።

አሁን ስለ ዳገቱ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ድሮ የተሠሩት ትራክተሮች አብዛኞቹ ሲገለበጡ ነጂውን የሚያድን የብረት ከለላ የላቸውም። ስዊድን ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ትራክተር ሁሉ ከለላ እንዲኖረው በሕግ ያስገደደችው ገበሬዎቿ እያለቁባት ስለሆነ ነው። በወንጪ ተዳፋት ላይ አሮጌ ትራክተር መንዳት፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ጨርሶ መደረግ የለበትም፤ ሜዳ ላይ ይንቀሳቀስ። የኋላ ጎማዎቹ ለየብቻ ፍሬን ያላቸው ናቸው፤ ሁለቱን ፔዳል የሚያያይዘው ቁልፍ መንገድ ላይ ሁልጊዜ የተቆለፈ መሆን አለበት፤ አለዚያ በፍጥነት ላይ አንዱ ብቻ ተረግጦ ትራክተሩን ያስተኛዋል። ገመድም ከኋላ ከታችኛው መጎተቻ እንጂ ከፍ ካለ ቦታ አይታሰርም፤ ፊቱን ወደ ሰማይ አንሥቶ በነጂው ላይ ይገለበጣል።

ከኋላው የሚዞረው ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል፤ በሴኮንድ ዘጠኝ ማለት ነው። የጋቢ ጫፍ ከያዘ ሰውየው ጋቢውን ጥሎ ለማምለጥ ጊዜ የለውም። ስለዚህ አባባ፣ ለዚያ ቀን ጋቢው ቤት ይቆይ። ልጅንም በጎማ መከለያው ላይ አስቀምጦ መዞር የለም፤ ፎቶ ቢያምርም።

የመጀመሪያው የማስነሻ ቀን ሲደርስ ትራክተሩ ደጅ፣ ጎማው በድንጋይ ታግዶ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን። አንድ ሰው ሰፊ ጣውላ ይዞ በአየር ማስገቢያው አጠገብ ይቁም፤ የቆየ ናፍታ ሞተር አንዳንዴ ከነሳ በኋላ በራሱ ፍጥነት እየጨመረ አልቆም ይላል፣ ያን ጊዜ ትንፋሹን በጣውላው መድፈን ነው። በእጅ ወይም በጨርቅ አይሞከርም። መጀመሪያ ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ይተፋል፣ ያስላል፣ ግቢው በናፍታ ሽታ ይሞላል፣ ጎረቤትም በአጥር በኩል ብቅ ይላል። ሞተሩ ሲሞቅ ጭሱ እየሳሳ ከሄደ የዘይት ግፊቱን አይታችሁ አሥር ደቂቃ አስኪዱት፣ ከዚያ አጥፍታችሁ ከሥር የሚንጠባጠብ ነገር መኖሩን ተመልከቱ።