የእግር ጥቁር ነጥብና የብሽሽት ንፍፊት፦ ሜላኖማ መዛመቱ እንዴት ይታወቃል?

እግር ሲቆስል ብሽሽት ላይ ንፍፊት እንደሚወጣ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ቁስሉ ሲድን ንፍፊቱም ይጠፋል። ምንም ቁስል ሳይኖር የወጣ፣ ወይም እግር ላይ የማይድን ጥቁር ነገር እያለ የወጣ ንፍፊት ግን ዝም ተብሎ አይታለፍም። ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ከተነሳበት ቦታ ወደ ሌላ መዛመት መጀመሩን ሊያሳይ ይችላል።

እኛ ላይ የት ይወጣል?

«የቆዳ ካንሰር የነጮች በሽታ ነው» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ነጮች ላይ በብዛት መታየቱ እውነት ነው። ጥቁር ሰው ላይ ሲወጣ ግን ብዙ ጊዜ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ነው፦ ውስጥ እግር፣ የእጅ መዳፍ ወይም ጥፍር ስር። ቦብ ማርሊ እ.ኤ.አ. በ1977 ሜላኖማ የተገኘበት በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ስር ነበር። በሽታው ተዛምቶ በ1981 በ36 ዓመቱ ሞተ።

እነዚህን ካየሽ ለሐኪም አሳዪ፦

- እየሰፋ፣ ቅርፁ ወይም ቀለሙ እየተለወጠ የሚሄድ ጥቁር ነጥብ
- የሚደማ ወይም ለሳምንታት የማይድን ቁስል
- አንድ ጥፍር ላይ ብቻ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ ወይም ጥፍሩ ዙሪያ ወዳለው ቆዳ የተሻገረ ጥቁር መስመር

ብዙ ጥፍሮች ላይ ቀጫጭን መስመር መኖር በጥቁር ሰው የተለመደ ነው፤ አትደንግጪ። ሂና ግን ይህን ሁሉ ይሸፍናል። ስለዚህ ሂናው ሲለቅ እግርሽንና ጥፍርሽን በደንብ እዪ። «ኪንታሮት ነው» ብለሽ በምላጭ አትቁረጪው፣ በጭራ አትሰሪው፣ በነጭ ሽንኩርት አታቃጥዪው።

ለምን ወደ ብሽሽት ይሄዳል?

ሰውነታችን ውስጥ ሊምፍ የሚባል ፈሳሽ በቀጫጭን ቱቦዎች ይዘዋወራል። በመንገዱ ላይ ያሉት ትናንሽ እጢዎች እንደ ወንፊት ያጣሩታል። ከእግር የሚመጣው ብሽሽት ላይ፣ ከእጅ የሚመጣው ብብት ስር ይጣራል። የካንሰር ሴል ከነጥቡ ከተላቀቀ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያዘው እዚያ ነው።

በቁስል ምክንያት የሚመጣ ንፍፊት አብዛኛውን ጊዜ ሲነኩት ያማል። የካንሰሩ ግን ብዙ ጊዜ ጠንካራ ነው፣ አያምም፣ እያደገ ይሄዳል። «አላመመኝም» ብለሽ አትተዪው። በእጅ በመንካት ብቻም አይታወቅም፤ ምርመራ ያስፈልጋል።

ምርመራው በየትኛው ቅደም ተከተል ነው?

1. የነጥቡ ናሙና። ሐኪሙ አደንዝዞ ነጥቡን ወይም ከፊሉን ይቆርጥና ወደ ፓቶሎጂ ይልካል። ካንሰር ከሆነ ወደ ቆዳው ምን ያህል እንደጠለቀ በሚሊ ሜትር ይለካል። የተቆረጠው ነገር ለምርመራ መላኩን ጠይቂ፤ ከተጣለ ምን እንደነበር ማወቅ አይቻልም።
2. እጢዎቹን መዳሰስ። ውስጥ እግርሽን ብቻ አይቶ ከሸኘሽ «ብሽሽቴንም እዪልኝ» በዪ። ሴት ሐኪም ወይም ነርስ እንድትገኝልሽ መጠየቅ ትችያለሽ።
3. አልትራሳውንድ። የእጢውን መጠንና ቅርፅ ያሳያል። አያምም።
4. ቀጭን መርፌ። እጢው ካጠራጠረ በመርፌ ትንሽ ሴል ይወሰዳል። ውጤቱ «ካንሰር የለም» ቢልም እብጠቱ ካልጠፋ እንደገና መመርመር አለበት።
5. የመጀመሪያው እጢ ምርመራ። ምንም እብጠት ሳይኖር ካንሰሩ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ከጠለቀ፣ ነጥቡ የነበረበት ቦታ ላይ ቀለም ወይም ትንሽ የጨረር መድኃኒት ይወጋል። ቀድሞ የደረሰበት እጢ ወጥቶ ይመረመራል። እሱ ንጹሕ ከሆነ ሌሎቹም ንጹሕ የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው። ይህ ምርመራ በየሆስፒታሉ አይገኝም።

እጢ ውስጥ ካንሰር ተገኘ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። ሕክምናው ግን ይለወጣል፤ ቶሎ መታወቁም ይጠቅማል።

ኤደን ውስጥ ስትሆኚ

ኾርመክሰር ያለው ጁምሁሪያና ሼክ ኡስማን ያለው ሰዳቃ ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች ናቸው። ከመሄድሽ በፊት ክፍያውን አጣሪ። እነዚህን ቃላት ያዢ፦ «ሻማ» የቆዳ ነጥብ፣ «ኹዝዓ» ናሙና፣ «ጉደድ» እጢዎች፣ «ተቅሪር» የውጤት ወረቀት።

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የየመን የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አያካትትም። ስለዚህ ለሕክምና ፈቃድ ማግኘት ብዙ ጊዜ በድርድር ነው። ማዳም ከፈራች ይህን ንገሪያት፦ ካንሰር በንክኪ፣ በምግብ ወይም በልብስ አይተላለፍም። ልጆቿን ማቀፍም ሆነ ምግብ ማብሰል ማንንም አይጎዳም።

ሐኪም ቤት ስትሄጂ ከተቻለ አረብኛ የምታውቅ እህት ይዘሽ ሂጂ። ውጤቱ መጀመሪያ ለአንቺ እንዲነገርሽ ጠይቂ። ወረቀቱን በስልክሽ ፎቶ አንሺና ለምታምኛት እህት ላኪላት፤ ዋናውን ለአሠሪሽ ሰጥተሽ አትቅሪ።

ወደ አገር ለመመለስ ካሰብሽ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት፣ አይ.ኦ.ኤም.፣ ኤደን ውስጥ ለስደተኞች የሚሠራ ቢሮ አለው። ከኤደን ወደ አዲስ አበባ በፈቃዳቸው ለሚመለሱም በረራ ሲያዘጋጅ ቆይቷል። ሕመምሽን ቀድመሽ ንገሪያቸው። ከመሄድሽ በፊት ተቅሪሩንና ሆስፒታሉ ያስቀመጠውን የናሙና መስታወት ወይም የሰም ቁራጭ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ስትደርሺ ሐኪሞቹ እሱኑ መልሰው ማየት ይችላሉ፤ ምናልባትም ሁለተኛ ከመቆረጥ ትድኛለሽ።